ልጥፉ ሳይደርቅ

የዋና መምህሩን አስከሬን አራት ሰዎች ተሸክመው ከባሕሩ ዳርቻ አወጡት። የገደለችው ጀልባ ግን እዚያው አሸዋው ላይ ቀረች፤ በማግስቱ ረፋድ ኢንስፔክተሯ ስትደርስም ምንም እንዳላደረገ ሰው ጋደም ብላ ነበር።

ጀልባዋ መንታ ናት፤ ሁለት ቀጫጭን ጎኖቿ መሐል ለመሐል በተወጠረ መረብ የተጋመዱ፣ በሸራ የምትሄድ። ከዐሥር ቀን በፊት የመምህሩ ሚስት ወንድም ይዟት ወጥቶ ቀኝ ጎኗን አስነድሎ፣ ሰው በማይደርስበት በዚህ ዳርቻ ጥሏት በእግሩ ተመለሰ። ትናንት መምህሩ፣ ሚስቱ፣ ሹፌሩ ወንድሟና አንድ ጀልባ ጠጋኝ አራት ሆነው ወደ ቤት ሊወስዷት መጡ። ሲመለሱ ሦስት ናቸው።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የተወጉት ግን ምክንያቱን ያውቁታል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ኮንስታብሉ። «ጠጋኙ የተሰነጠቀውን ጎን ከፍ አድርጎ በርሜል አስደገፈው። በርሜሉ ተንሸራተተ፤ ጀልባዋ ሰውየው ደረት ላይ ወደቀች። ጠዋት ተጨቃጭቀውም ነበር። ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ እናስተላልፈዋለን።»

«አንተ ከጨረስከው እኔን ለምን ጠሩኝ?»

«አዛዡ ናቸው።»

«ይባርካቸው። ባሕሩ መቼ ይሞላል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የወሩ ትልቁ ሙላት ነው፤ እዚያ ድረስ ይመጣል» አለ፣ ከጀልባዋ በላይ ያለውን የደረቀ የባሕር ሣር መስመር እያሳየ።

ሰዓቷን አየች። ጀልባዋን ውሃ ከወሰዳት ማስረጃው አብሮ ይሄዳል፤ ጠጋኙም ወደ እስር ቤት።

ጠጋኙ ስልሳውን ያለፈ፣ ሰፈሩ «ጋሼ ማስቲሽ» የሚለው ሰው ነው። እሱ ነክቶት ያልተጣበቀ ነገር ቢኖር የገዛ ትዳሩ ብቻ ነው ይባላል።

«ጋሼ፣ ከመምህሩ ጋር ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ሙጫ ነዋ። እሱ ‹ቶሎ ለጥፍና በሸራ እንሂድ› ይላል። እኔ ‹አንድ ሰዓት ሳይነካ ካልደረቀ ባሕር መሐል ጉድ ያደርገናል፣ በመኪና ትሂድ› አልኩ። በመጨረሻ እሺ አለ። ስድስት ሰዓት ላይ ለጠፍኩና፣ ከሥሯ ተንጋሎ የመረቡን ገመድ ሲያጠብቅ ትቼው፣ ጋሪውን ላመጣ ወደ መኪናው ወጣሁ። መሄጃው ብቻ አርባ ደቂቃ ነው። ስመለስ…»

«ሹፌሩ መኪናው ጋ ነበር?»

«አልነበረም። ጋሪውን ራሴ ነኝ አውርጄ የጎተትኩት።»

ኢንስፔክተሯ ክንዶቹን አየች። እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ብለዋል።

«ፀጉሩን ማን ወሰደው?»

«በየሳምንቱ እላጨዋለሁ። ሙጫ ፀጉር ላይ ከደረቀ ቆዳ ካላስከተለ አይነሣም። በዚህ ሥራ ያለን ሁሉ እንዲሁ ነን። ሚስቴ ሳትሄድ በፊት ‹ሙሽራዬ› እያለች ትስቅብኝ ነበር።»

የመምህሩ ሚስት ከሌሎቹ ርቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ይህችን ጀልባ አይወዷትም አሉ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ጣውንቴ ናት። የዕረፍት ቀኑን በሙሉ የሚውለው እሷ ጋ ነበር። ትናንትም አኮረፍኩና ከዚያ ቋጥኝ ማዶ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ነፋሱ ይጮሃል፤ ምንም አልሰማሁም።» ጣቶቿን አቆላለፈች። «ባላኮርፍ ኖሮ ይሰማኝ ነበር።»

«ከመለጠፉ በፊት ባልዎ ምን ሲያደርግ ነበር?»

«ስንጥቁን ሲጠርግ አንድ ነገር አወጣና ኪሱ ከተተው። ፊቱ ተለዋወጠ። ምን አገኘህ ብለው ‹ጉዳዬ ከወንድምሽ ጋር ነው› አለኝ።»

ያ ነገር አሁን ከኢንስፔክተሯ ደብተር መሐል በፖስታ ተቀምጧል፦ አውራ ጣት የምታህል፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የእንጨት ስንጣሪ። ከሟቹ ኪስ የተገኘችው እሷ ብቻ ናት።

ወንድምየው ሹፌር ነው። አሸዋው እግር በሚጠብስበት ቀን ረጅም እጅጌውን እስከ አንጓው ቆልፏል።

«እኔ መኪናው ጀርባ ጥላ ላይ ተኝቼ ነበር» አለ። «ሽማግሌው አላየኝ ይሆናል፤ ዓይኑ እንደ ሙጫው ደፍርሷል።»

«ያን ቀን ጀልባዋ ምን መታች?»

«ቋጥኝ። ኢንስፔክተር፣ ለባሕሩ እንተዋት። ባሏን የገደለ ዕቃ እህቴ ደጅ ይቀመጥ?»

«አሳቢ ወንድም ነህ» አለችና በርሜሉ ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ሄዳ ተንበረከከች። ኮንስታብሉ ቦታውን በድንጋይ አጥሮታል፤ ስለዚህ ሥራ ብቻ ሊመሰገን ይገባዋል። አሸዋው ላይ የበርሜሉ አፍ ያተመው ክብ ሙሉ ነው፤ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጠርዙ እንኳ አልፈረሰም።

ስምንት ተኩል ላይ ውሃው የጀልባዋን ጫፍ ሲነካ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ እንገልብጣት። ሁላችሁም እጅጌያችሁን ሰብስቡ፤ ትረጥባላችሁ።»

ሁሉም ሰበሰቡ፤ ሹፌሩ ብቻ እንዳለ ያዘ። ጀልባዋ ተገልብጣ ልጥፉ ፀሐይ ሲያገኝ ማስቲሽ በምላሱ ጠቅ አደረገ። የሥራው መበላሸት ከእስሩ ይልቅ ያናደደው ይመስላል።

«አሸዋ በልቷል!»

«ለዚህ ነው ያስገለበጥኳችሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «የደረቀ ሙጫ አሸዋ አይዝም። ስለዚህ ጀልባዋ የወደቀችው ልጥፉ ሳይደርቅ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። በርሜሉ ተንሸራቶ ቢሆን አሸዋውን ያርሰው ነበር፤ ክቡ ግን ሙሉ ነው። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን ጎን በክንዱ አቅፎ ትንሽ ከፍ አደረገ፣ ክብደት የተነሣለትን በርሜል በእግሩ ጣለ፣ ለቀቀ።»

ኮንስታብሉ ወደ ማስቲሽ ዞረ።

«ቆይ» አለችው። «የለጠፈ ሰው ገና ያልደረቀ ልጥፉን ያቅፋል? የት እንዳለ እያወቀ? ደግሞ ጠጋ ብለህ እይ።»

ኮንስታብሉ አጎነበሰ። ከአሸዋው ቀጥሎ፣ በደረቀው ሙጫ ውስጥ ጥቋቁር አጫጭር ፀጉሮች በአንድ አቅጣጫ ተኝተዋል።

«የክንድ ፀጉር ነው። ጋሼ የላቸውም። እመቤቲቱም የላቸውም። የመምህሩን አስከሬን ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ክንዱ ላይ ጠብታ ሙጫ የለም። ሹፌር፣ ግራ እጅጌህን ክፈት።»

«ለምን?»

«ወንድሜ፣ ክፈተው» አለች እህቱ።

ቀኝ ክንዱ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ነበረው። ግራው ተላጭቷል፤ ምላጭ በቧጠጠው ቆዳ መሐል አሁንም ቢጫ ሙጫ ተጣብቋል።

«አልለቅ ብሎት ላጨው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሳይደርቅ ቲነር የነካ ጨርቅ ይበቃው ነበር። ያንን የሚያውቁት ግን ጋሼ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ እንዴት ብሎ ይጠይቅ?»

ፖስታውን ከፈተች።

«ቋጥኝ ሰማያዊ ቀለም አይቀባም። ከዐሥር ቀን በፊት በሰማያዊ ታንኳ ወጥቶ ያልተመለሰ ዓሣ አስጋሪ አለ። ሚስቱ በየጠዋቱ ወደብ ላይ ቆማ የመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች። መምህሩ ስንጣሪዋን ሲያገኝ ቆይተህ ብቻህን እንድትመጣ ነገረህ፤ አንተም መንገድ ላይ ከጋሼ ጋር እንዳትገናኝ በዳርቻው ዞረህ መጣህ።»

ሹፌሩ እህቱን እንጂ ኢንስፔክተሯን አላየም።

«ሸራው ጋረደኝ። ሰውየው አንዴ እጁን አነሣ፤ ከዚያ አላየሁትም። ፈራሁ። ባልሽ ‹ዛሬውኑ ሄደህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝና ገመዱን ማጥበቅ ቀጠለ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።»

«ካንተ ምን ይፈራል?» አለች እህቱ። «አንተኮ ወንድሜ ነህ።»

እጁ ታሰረ። ውሃው የጋሪውን ጎማ መላስ ጀምሯል። ጀልባዋን ለማንሣት አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ኢንስፔክተሯ ጫማዋን አውልቃ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ ኮንስታብሉ ሌላውን፣ ማስቲሽ ሦስተኛውን። አራተኛውን መበለቲቱ ያዘችው።

«ልጄ፣ ቤትሽ ደጃፍ ነው የምናወርዳት?» አላት ማስቲሽ።

«አይደለም ጋሼ። ወደቡ ጋ ነው» አለች። «ያቺ ሴትዮ ነገ ጠዋት ደግሞ ቆማ እንዳትጠይቅ። እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ከዚያ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ «በሉ፣ አንድ ላይ» አለች።