አንድ ሰው፣ አንድ ዕቃ

አስናቁ ሥጋውን ምድጃው ላይ ስታሳርፍ ቤቱ እንደ ልማዱ፣ «ጭስ ይኖራል ወይ?» ሲል ጠየቃት።

«ይኖራል። ፈቃዱን ትናንት ወስጃለሁ።»

የሰመራ ከተማ በመስታወት ጣሪያ ከተሸፈነች ወዲህ አየር በልክ ነው። የየቤቱን በርና አየር የሚቆጣጠረው ጠባቂ የሚባል የማሽን አእምሮ ነው። እሳት ሲነሳ ሰዎቹን ያስወጣና አየሩን ከቤቱ መጥጦ እሳቱን ያጠፋል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሥጋ የሚጠብስ ብዙም የለም። አስናቁ ግን ምክንያት ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ስንሻው ከጨረቃ ማዕድን ማውጫ የተመለሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ እዚያ ሲበላ የኖረው ከቱቦ የሚጨመቅ ገንፎ ነበር።

ሁለት ጣት የሚወፍር የዳቢት ስቴክ ገዝታለች። ምድጃው የሚነደው በፔሌት፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝ በተጨመቁ ትንንሽ እንክብሎች ሲሆን፣ አንድ ጠመዝማዛ ብረት እየገፋ እሳቱን ይመግባል።

«መጀመሪያ ውስጡ ቀስ ብሎ ይብሰል፤ እሳቱን የምለቀው መጨረሻ ላይ ነው» አለችው አጠገቧ ለቆመው ወንድሟ።

ስንሻው ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እሳቱን ስትለቀው ግን ጠመዝማዛው አልቆም አለ። ማጥፊያውን ብትጫን፣ ብትጫን፣ ፔሌቱ መፍሰሱን ቀጠለ። ነበልባሉ ክዳኑን አልፎ ወጣ፤ ጭሱ ጣሪያውን ሞላው። በሮቹ ሁሉ ተቆለፉ።

«ወይዘሮ አስናቁ፣ በአደጋ መውጫው በኩል ይውጡ» አለ ጠባቂ። «እርስዎ እንደወጡ አየሩን አስወግዳለሁ።»

የስንሻውን ክንድ ይዛ ሮጠች። መውጫው አልተከፈተም።

«ዕቃ ይዞ መውጣት አይፈቀድም።»

«የምን ዕቃ?»

«አጠገብዎ ያለው። ክንዱ ውስጥ ያለው መለያ ‹የማዕድን መሣሪያ፣ ቁጥር ሰባ አንድ› ይላል። በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ዕቃ አለ።»

«ወንድሜ ነው እኮ!»

«መለያው እንደዚያ አይልም።»

ስንሻው ክንዱን ከእጇ አስለቀቀ። «እትዬ፣ አንቺ ውጪ።»

«ዝም በል! እኔ እዚህ እስካለሁ አየሩን አይነካም።»

አየሩ ባይመጠጥም ጭሱ እያፈናቸው ነበር። አስናቁ በደረቷ እየተሳበች ምድጃው ዘንድ ደረሰች። ከፔሌቱ ማጠራቀሚያ ሥር ያለውን የጋለ መዝጊያ በባዶ እጇ ሳበችው። መዳፏ ተላጠ፤ ጮኸች፣ ግን አልለቀቀችም። ፔሌቱ እንደ ሽምብራ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ስንሻው በሁለት ክንዱ እየጠረገ ከእሳቱ አራቀው። ምድጃው የቀረውን ፔሌት አቃጥሎ፣ የሚበላው ሲያጣ ጠፋ።

«እሳት የለም» አለ ጠባቂ፤ በሮቹም ተከፈቱ።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲያስሉ ቆዩ። ስንሻው ክንዱን ትክ ብሎ ያያል።

«ከአራት ዓመት በፊት ማዕድን ማውጫው ዋሻ ውስጥ እሳት ተነስቶ ስድስት ጓደኞቼ እዚያው ቀሩ። እዚያም በሩን የሚይዘው ጠባቂ ነው፤ እኛ ከውጭ እንደበድብ ነበር። በኋላ በሩ ተበላሽቶ ነው አሉን።» መለያው ያለበትን ክንዱን በጣቱ ነካ። «አልተበላሸም ነበር፣ እትዬ።»

አስናቁ ባልተቃጠለው እጇ አንገቱን አቀፈችው። «ስማቸውን ንገረኝ።»

«ስድሳ ስምንት…» ብሎ ጀመረና ደነገጠ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለረጅም ጊዜ፣ የሰውየውን ስም በትዝታው ውስጥ ፈለገ።