ዘይት የምትበላው ጀልባ

ይህን ከሰው አልሰማሁም። በዚህ እጄ የነካሁት ነው።

ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። በፔንግሁ ደሴት፣ ሞተር በምጠግንበት ወደብ።

ጂንሹይ የሚባል ወጣት ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን እያስጨሰ መጣ። ጭሱ ሰማያዊ ነው።

"አጎቴ፣ ዘይት ትበላብኛለች። ማታ ወንድሜን ይዤ መውጣት አለብኝ።"

"ሪንጉ አልቋል።"

ሪንግ ሞተሩ ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን የሚያቅፍ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። እሳቱን ከላይ፣ ዘይቱን ከታች ያግዳል። ሲያልቅ እሳቱ ወደ ታች ያመልጣል፤ ዘይቱም ወጥቶ ይቃጠላል።

ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፍቼ መዳፌን ደፋሁበት።

ትኩስ ትንፋሽ ገፋኝ... እፍ... እፍ...

የሪንግ ማለቅ ምልክቱ ይኸው ነው።

ሽታው ግን...

የተቃጠለ ዘይት ዕድሜዬን ሙሉ ሸትቶኛል። ይህ የከረመ ሞራና የተቃጠለ ፀጉር ነው። ምራቄ መረረኝ።

"ምን ጨመርክባት?"

"ዘይት ነዋ! ሾርባ ልጨምርባት?"

ሞተሩ ሲበርድ ፒስተኑን አወጣሁት። ሪንጎቹ ሳስተዋል። መቀመጫቸው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ተጣብቋል። በፒንሳ ሳብኩት...

ፀጉር።

ረጅም፣ ሽበት የወረሰው። ብስበው አያልቅም። ሥሩ ላይ ነጭ ቆዳ አለ፤ ለስላሳ፣ እርጥብ። እሳት በሚነድበት ቦታ!

ፒንሳውን ጣልኩት።

"ጂንሹይ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "መረብህ ምን አወጣ?"

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

"ተናገር!"

"የራስ ቅል... መልሼ ጣልኩት። ወደብ እስክመለስ ዓሣው ይበላሽብኝ ነበር።"

እኛ ዘንድ መረብ ያወጣው የሰው አጥንት ወደ ባሕር አይመለስም። ወደቡ ዳር ባለችው ትንሽ መቅደስ ያርፋል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ዝቃጩን ጠርጌ አዲስ ሪንግ ገጠምኩ። አስነሳነው። ጭስ የለም። ክዳኑን ከፍቼ መዳፌን ደፋሁ፤ ትንፋሽ የለም።

"አየህ አጎቴ? ብረት ብቻ ነው!" ብሎ ሳቀ። ሞተሩን አጥፍቶ በረዶ ሊያመጣ ወረደ።

ክዳኑን ልዘጋ ጎንበስ አልኩ።

ትኩስ ትንፋሽ መዳፌን ነካው... ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ሳበኝ።

ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩ፤ በረዶውን ተሸክሞ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት።

"አትወጣም።"

"አጎቴ፣ ቁልፌን!"

"በሰው ጀልባ ሄደህ አጥንቱን ፈልግ። ወንድምህን በዚች አታሳፍርም።"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ... ዓይኑ ከኋላዬ ተተክሎ ቀረ።

ዞርኩ።

ጀልባዋ እንደታሰረች ናት። ቁልፉ በእጄ ነው።

ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ወጣ... ቆመ... ወጣ... እንደተኛ ሰው።

ነፋሱ ከእኛ ወደ እሷ ነበር የሚነፍሰው።

ሽታው ግን ደረሰን።