ክብሪትና የእህቷ ሮሚንግ

«ጨረስሽ?» አለች እህቷ፣ ሻንጣው ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ከዚፑ ጋር እየታገለች።

ክብሪት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእህቷን ስልክ ይዛለች። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለው ጋ ደርሳለች፤ ስልኩ ውጭ አገር ሆኖ በውድ ዋጋ ኢንተርኔት የሚስብበት ነው። ከጎኑ ያለችው ትንሽ ቁልፍ በርታለች። አንዴ ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው።

«ቆይ እንጂ። ስልክሽም እንዳንቺ ቀርፋፋ ነው።»

በዚህ ቤት የማንም ስልክ ሲያብድ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። «ክብሪት» ያላት አጎቷ ነበር፤ ቀጭን ናት፣ ቶሎም ትነድዳለች። አጎቷ አሁን ሳሎን ተቀምጦ፣ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ውጭ አገር የሄደበትን ታሪክ ለጎረቤቶች እየተረከ ነው።

«ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተኝቷል። እኔም ሆቴል ተኝቻለሁ። ለካስ እሱ እንቅልፍ የለውም! የማላውቀውን ሰው የሰርግ ቪዲዮ ለብቻው ሲያወርድ ከርሟል። ስመለስ የመጣብኝ ሂሳብ መኪና ይገዛል።»

ታሪኩ ሲጀመር ሂሳቡ ፍሪጅ ነበር የሚገዛው። አምና ሞተር ብስክሌት ሆነ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ክብሪት ወደ እህቷ ጠጋ ብላ «ለከርሞ ፎቅ ይሆናል» ትልና ሁለቱም ትራስ ነክሰው ይስቁ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰማያዊ ጃኬት ላይ ነው። ጀርባው ላይ የክለቡ ስም ተጽፏል። የእሷ መሆን የነበረበት ጃኬት።

በጠረጴዛ ቴኒስ እህቷን ስታሸንፋት ነው የኖረችው፤ ይህን ክለቡ በሙሉ ያውቃል። ውጭ አገር ለሚደረገው ውድድር በተካሄደው የምርጫ ጨዋታም እየመራች ነበር። ከዚያ ዳኛው ኳሷን «ወጥታለች» አለ፤ ክብሪት ራኬቷን ወረወረች፤ ራኬቱም ሄዶ ሄዶ የአሰልጣኙን ፔርሙዝ አገኘ። አሰልጣኙ የፈሰሰውን ሻይ አየ፣ እሷን አየ፣ «በቃ፣ ታላቅሽ ትሄዳለች» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። የመጣው ሁሉ እህቷን አገላብጦ እየሳመ «አኮራሽን» ይላል። ሲወጣ ደግሞ በሩ ላይ ክብሪትን ያገኛትና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አንቺም አይዞሽ» ይላታል። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

አውራ ጣቷ ቁልፏ ላይ እንዳንዣበበ አሰበች። ብረሳውስ? ሰው አይረሳም እንዴ? እህቷ እዚያ ስትደርስ ስልኩ ቪዲዮውንም አፕዴቱንም ሲግጥ ይከርማል። ሜዳልያ ይዛ ትምጣ፣ ማን ከለከላት፤ ግን ሂሳቡም ተከትሏት ይምጣ። ያኔ «አኮራሽን» የሚል አይኖርም። አጎቷ ብቻ ደስ ይለዋል፤ ጓደኛ አገኘ።

«ጨርሻለሁ» አለችና ስልኩን ሰጠቻት። ቁልፏ እንደበራች ናት።

«ዘጋሽው አይደል? እኔ በሆቴሉ ዋይፋይ ብቻ ነው የምጠቀመው።»

«ተጠቀሚ፤ ምን ቸገረሽ።»

እህቷ ጀርባዋን ሰጥታት ስልኩን ነካካች። «የይለፍ ቁጥሩንም ቀየርኩት። ፎቶዬን እያገላበጥሽ መሳቅ አበቃ።»

ከሰዓት በኋላ ክብሪት የእናቷን ምሳ ይዛ ወደ ሱቅ ሄደች። እናቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። ስትደርስ እናቷ ደጅ ቆማ ወደ ላይ አንጋጣለች፤ ጽሑፍ ሠሪው መሰላል ላይ ሆኖ አዲሱን ማስታወቂያ እየጨረሰ ነው።

«ስልክ ቁጥሯን ወፈር አድርጋት፣ ወንድሜ። ከመኪና ላይ ሆኖ የሚያይ አለ።»

«እማማ፣ ከዚህ በላይ ካወፈርኳት ግድግዳ ያልቃል» አለ ሰውየው።

እናቷ ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታለች። ክብሪትን እጇን ይዛ አስገባቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አዲሱን ሆቴል አየሽው፣ ከአደባባዩ በላይ ያለውን? ባለቤቷ መጥታ ስፌቴን በጣቷ ዳብሳ ዳብሳ አየችው። ከባሏ ጋር ተማክራ ትደውልልኛለች። የሁሉም ክፍል መጋረጃ ነው፣ ልጄ።»

«ካልደወለችስ?»

«ትደውላለች። ደውላ ካጣችኝ ነው ችግሩ። ማዶ ያለው ሰፊ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚውል።» የበሰለውን ድንች በሹካ ከፈል አደረገች። «ያንን ሮሚንግ የሚሉትን ዘግታለች አይደል እህትሽ? የሁለታችንም መስመር በእኔ ስም፣ በአንድ ሂሳብ ነው። ከልክ ሲያልፍ ሁለቱንም ነው የሚቆርጡት።»

ክብሪት ይህን አላሰበችም። ያሰበችው እህቷ አንገቷን ደፍታ ሳሎን መሐል ስትቆም ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ የዘጋሁላት» አለች።

«እንዲያ ከሆነ አልሰጋም።» እናቷ ምሳዋን ቀጠለች።

ማታ እህቷ ሻወር ስትገባ ክብሪት ስልኩን አነሳች። በእህቷ የልደት ቀን ሞከረች፣ እምቢ አለ። በራሷ የልደት ቀንም ሞከረች፤ ለምን እንደሞከረች እሷም አታውቅም። ያም እምቢ አለ። ውሃው ሲቆም ስልኩን በቦታው መለሰችው፤ አልጋዋ ላይ ተጋድማም የምትለውን አዘጋጀች፦ አዲስ አፕዴት ወጥቷል፣ አንዴ ስጪኝ ላስተካክለው። ቆንጆ ውሸት ነው። ማንም አይጎዳበትም።

ጠዋት የክለቡ ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። አጎቷ በፒጃማ ወጥቶ «ስልኩን አጥፍተሽ ካልሲ ውስጥ ክተቺው» እያለ ይመክራል። እናቷ ልጇን ሳመች፣ ደግማ ሳመች፣ የጃኬቱን ኮሌታ አስተካከለች። ጃኬቱ እህቷ ላይ ያምራል። ትንሽ እንኳ ቢሰፋት ምን ነበረበት።

እህቷ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ክብሪት መስታወቱን አንኳኳች። መስታወቱ ተከፈተ።

«ስልኩን አንዴ ስጪኝ።»

«ለምን? ጨርሻለሁ አላልሽም?»

አፕዴት የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ከእህቷ ጎን የተቀመጠችው ልጅ አንገቷን አስግጋ ትሰማለች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

«አልዘጋሁትም» አለች ክብሪት።

«ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም።»

እህቷ አየቻት። ዓይኗ መጀመሪያ ወደ ጃኬቱ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ክብሪት ተመለሰ፤ ፊቷም ቀላ። ስልኩን ከፍታ በመስኮቱ አቀበለቻት።

«ዝጊው።»

ክብሪት ዘጋችው። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እህቷ አዞረች። «እዚህ ጋ ነው። ይቺ ቁልፍ አመድ መምሰል አለባት። እዚያ ስትደርሺ ራስሽ እዪው፣ እኔን አትመኚ።»

«አላምንሽም» አለች እህቷ፤ ስልኩን ወሰደችና እሷም አንዴ አረጋገጠች። መስታወቱን ልትዘጋ ጀምራ ቆም አለች። «በሚቀጥለው አንቺ ስትሄጂ እኔ ነኝ የምዘጋልሽ። ወይም ደግሞ አልዘጋልሽም፤ እናያለን።»

ሚኒባሱ ሄደ። ክብሪት እጇን አላውለበለበችም፤ አሁንም ልቧ ያለው እዚያ መስኮት ጋ ነው፣ ሰማያዊው ጃኬት ውስጥ።

እናቷ የጨርቅ ጥቅሏን ታቅፋ መጣች። «ምን ረስታ ነው ያቆምሻት?»

አጎቷ አሁንም በፒጃማው ቆሞ ጆሮውን አቁሟል።

ክብሪት ጥቅሉን ከእናቷ እጅ ተቀበለች። «ሱቅ አብሬሽ ልሂድ» አለች። «መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።»