ከቤተ ክርስቲያኑ ፍሪጅ የወጣው ብልቃጥ

ሽማግሌው ዶን ኒካኖር የሞተው ውሃ እንደ ጠማው ነው። ተጎታች ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ አገኙት። እግሩ ሥር ባዶ የውሃ ጀሪካኖች ተጋድመዋል፤ ቤቱ የበሰበሰ ፖም ፖም ይሸታል።

«ስኳር ነው» አለ ወጣቱ ፖሊስ ፕራይስ፣ ደጃፉ ላይ አፍንጫውን ይዞ። «ልጁ መድኃኒቱን አልወጋችውም። ይዘናት እንሂድ።»

ኢንስፔክተር ሬሜዲዮስ ኪሮጋ አልፋው ገባች። ወፍራም፣ እግሯን የሚያማት፣ ከድንበር ማዶ ከመጡ ቲማቲም ለቃሚዎች የተወለደች የዚህ የእርሻ ሸለቆ ልጅ ናት፤ እናቷንም የገደላት ስኳር ነው። የሟቹን ሸሚዝ ገለጥ አደረገች። ሆዱ ላይ መርፌ የገባበት ቦታ ሁሉ አብጦ ቀልቷል፤ አንዳንዱም መግል ቋጥሯል።

«ካልወጋችው ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ትንኝ ነው?»

ፕራይስ አፍንጫውን ለቀቀና ጠጋ ብሎ አየ።

በዚያ ዓመት የግዛቱ መንግሥት የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች ከነፃ ሕክምና ካርድ ሰርዟቸዋል። ወረቀት ያላቸውን ድሆች ደግሞ «የሠራችሁበትን ሰዓት በየወሩ አስመዝግቡ፣ አለዚያ ካርዳችሁ ይቃጠላል» ብሏቸዋል። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች አንድ ጥርስ እንኳ በገዛ ገንዘባቸው አስነቅለው አያውቁም። ሰፈሩ ታዲያ የራሱን መላ መታ፤ ካርድ ያለው ሰው መድኃኒት ሲተርፈው፣ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሲሞት፣ የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። የቸገረው ከዚያ ይወስዳል።

የዶን ኒካኖር ልጅ አምፓሮ ወረቀት የላትም። አባቷን ገድላለች ከተባለች፣ እሷ ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ ድንበር፣ ሁለት ሴት ልጆቿ ደግሞ ወደማያውቁት ሰው ቤት ነው የሚሄዱት።

«ጠዋትና ማታ ወግቼዋለሁ! ከዋሸሁ የእናቴ አጥንት ይውጋኝ!» አለች አምፓሮ።

«እንዴት አድርገሽ ነው የምትወጊው?»

«ያ ወተት የሚመስለው ነው። ከሥር ስለሚረጋ መጀመሪያ ብልቃጡን በመዳፌና በመዳፌ መሃል አሽከረክረዋለሁ፣ ከዚያ በመርፌ እስባለሁ። ቤታችን መብራት ተቆርጧል፤ ብልቃጡ ከቤተ ክርስቲያኑ ፍሪጅ አይወጣም። እዚያው ስቤ ነው የማመጣው።»

«ሽታውስ?»

«ድሮ እንደ ቁስል ፕላስተር ነበር። አሁን አሁን አይሸተኝም። ጉንፋን ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

ሬሜዲዮስ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። ወጥ ቤቱን የምትጠብቀው አሮጊቷ ዶኛ ኦቲሊያ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ፍሪጁ አጠገብ ተገትራለች።

«ቁልፉ ያለው ማን ማን ጋ ነው፣ እማማ?»

«እኔና የሰበካው ሊቀ መንበር ዶን ሌኦንሲዮ ጋ ነው። ሌላው የሚወስደው እኔ ስከፍትለት ነው። እኔን እንኳ ተዪኝ ልጄ፤ መርፌ ሳይ ራሴን የምስት ሰው ነኝ። ዶሮ የማርደው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«ዶሮዋ አታመልጥም?»

«ታመልጣለች እንጂ! ለዚህ እኮ ነው ባቄላ የምንበላው።»

ሬሜዲዮስ ብልቃጡን ከፍሪጁ አውጥታ አሸተተችውና ፊቷን አጨማደደች።

«እዚህ ውስጥ ሌላ ምን ይቀመጣል?»

«የሰንበት ትምህርት ልጆች ወተት። ሌላ ምን አለን?»

ዶን ሌኦንሲዮን በቤተ ክርስቲያኑ የምግብ አዳራሽ ምሳ ሊበላ ተቀምጦ አገኘችው። ሸለቆው ውስጥ ተወልዶ እዚያው ያረጀ፣ ዜግነቱን እንደ ዘውድ የሚሸከም፣ ባርኔጣው ከጭንቅላቱ የሚበልጥ ሰው ነው።

«ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ!» አለ። «ካርድ የሌለው አገሩ ይግባ፣ ከሰው ፍሪጅ አይለምን ብዬ። እኔም ስኳር አለብኝ። ግን ካርድ አለኝ! ፋርማሲ ገብቼ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራውን፣ ምርጡን ነው የምወስደው።»

ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ የሚመስለውን መርፌውን አወጣ። በሁለት መዳፉ መሃል አሽከርክሮ አሽከርክሮ፣ መድኃኒቱ የሚታይባትን ትንሽ መስኮት በአውራ ጣቱ እንደ ሸፈነ ሆዱን ወጋ። ከዚያ ባቄላውን በቶርቲያ ቂጣ ጠቅልሎ ጎረሰ።

«ምሳዎን ይጨርሱ» አለችው ሬሜዲዮስ። «ከሰዓት በኋላ ሁላችሁንም እዚሁ እፈልጋችኋለሁ።»

ሲሰበሰቡ አምፓሮ ከፕራይስ ጎን ተቀምጣ ነበር። ሬሜዲዮስ ብልቃጡን ለፕራይስ ሰጠችው።

«አሽትተው።»

«እርጎ እርጎ ይላል!»

«ኢንሱሊን ፕላስተር ፕላስተር ነው የሚሸተው። አያቱ ስኳር ያለበት ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ይሄ ውሃ ነው፤ ነጭ እንዲመስል ወተት ጠብ ተደርጎበታል። የሽማግሌው ሆድ ያበጠው፣ ስኳሩም ወጥቶ የገደለው ለዚህ ነው።»

ዶኛ ኦቲሊያ አማተበች።

«አባቷን መግደል የፈለገች ልጅ መርፌውን መተው ይበቃታል፤ ወተቱ ምን ያደርግላታል? ወተት የጨመረው መድኃኒቱን ወስዶ መጉደሉን የደበቀ ሰው ነው። የወሰደውም ስለሚወጋው ነው። እማማ ኦቲሊያ መርፌ ሲያዩ ይወድቃሉ። ሌላው ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው።»

ሌኦንሲዮ ሳቀ። «እኔ፣ ባለካርዱ፣ የድሃ ትራፊ ልሰርቅ?»

«የጠራ መድኃኒት በመዳፍ አይሽከረከርም። የሚሽከረከረው የሚረጋው ነው። ምሳ ላይ አፍህ ሲዋሽ እጅህ ተናገረ።» እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ስትለው ነበር፤ አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «አምጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። በመርፌው መስኮት የሚታየው መድኃኒት ድፍን ነጭ ነው፤ ባዶውን መርፌ ከሽማግሌው ብልቃጥ እየቀዳ ሞልቶታል።

«ካርድህን ነጠቁህ አይደል?»

«ሰዓት አላስመዘገብክም አሉኝ!» ብሎ ጮኸ። «እኔን! እዚህ የተወለድኩትን! ከነዚህ ጋር ተሰልፌ ልለምን? ሰው ምን ይለኛል?»

«የሚልህን ስማ» አለች ዶኛ ኦቲሊያ። «ደነዝ ነው የሚልህ! ብትጠይቅ እናካፍልህ ነበር። ይሄ ፍሪጅ መቼ ነው ወረቀት የጠየቀው?»

ፕራይስ ሳይነግሩት ከአምፓሮ ጎን ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላት፤ እሷም ተነሥታ ወደ ልጆቿ ሮጠች።

ሌኦንሲዮን መኪና ውስጥ ሲያስገቡት ባርኔጣው ወደቀ። ማንም አላነሳለትም።

«እስር ቤት ...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መድኃኒት ይሰጣሉ?»

«ይሰጣሉ» አለችው ሬሜዲዮስ። «ጠዋትና ማታ፣ በነፃ። ሰዓትም አይጠይቁህም፣ ወረቀትም።»

ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ እፎይ አለ። ሬሜዲዮስ ያንን እፎይታ አየችና መሬት ላይ ተፋች። የተፋችው በእሱ ላይ ይሁን በሕጉ ላይ፣ ፕራይስ ሊጠይቃት አልደፈረም።