ያልተጋጠው ሳር

ዶክተር ግሌብ ኮረብታው ላይ አካፋውን ሲሰካ የፈለገው ጥቂት አፈር ነበር፤ የወጣው ግን የድብ ጥርስ የተንጠለጠለበት የሰው ቀበቶ ነው። ከበታቹ፣ ከማይቀልጠው በረዶ በላይ፣ የራስ ቅሉ ከኋላ የተሰነጠቀ ሰው ተጋድሟል።

አጋዘን አርቢዋ እማማ ሴቭኔ ቀበቶውን ሲያዩ አልጮኹም። «የኤዋይ ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት» ብለው እዚያው ቁጭ አሉ።

ታናሹ ልጃቸው ኤዋይ ከሦስት ዓመት በፊት የተፈጥሮ ጋዝ ወደሚወጣበት ከተማ ለሥራ ሄደ ተብሎ ነበር። እሳቸውም ይመጣል እያሉ በየክረምቱ አንድ ጥንድ የአጋዘን ቆዳ ቦት ጫማ ሲሰፉለት ኖረዋል። ሦስቱም ጥንድ አጋዘን በሚጎትተው ጋሪያቸው ላይ ታስሮ፣ ከመንጋው ጋር አብሯቸው ይዞራል።

መርማሪ ታይሲያ ሮቼቫ በሄሊኮፕተር ስትደርስ እማማ ሴቭኔ እጇን ያዙ። «ልጄ፣ ማን እንደገደለው ብቻ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ምነው ሌላ ነገር በለመኗት!

ኤዋይ በጠፋበት በጋ እዚህ የነበሩት ወንዶች ከሟቹ ሌላ ሦስት ብቻ ናቸው፦ የዕፅዋት ተመራማሪው ግሌብ፣ የእማማ ሴቭኔ ወንድም ሆላ እና ታላቁ ልጅ ማይማ። ታይሲያ ግን ከሰዎቹ በፊት ሳሩን አየች። ዙሪያው ሁሉ ግራጫ የድንጋይ ሽበት ነው፤ ሬሳው በተገኘበት ላይ ብቻ፣ በተጋደመ ሰው ርዝመት ልክ፣ ጉልበት የሚደርስ ሳር በቅሏል። የአምናው ደረቅ አገዳም ሳይሰበር መሃሉ ቆሟል።

«ማዳበሪያ የምትበትነው አንተ ነህ አይደል?» አለችው ግሌብን።

«እኔ ለሙከራ የምበትነው ከወንዙ ማዶ ነው። ይኼ አፈር የተራበ ነው፤ በብርዱ የተነሳ ምንም ነገር ቶሎ አይበሰብስበትም። ትንሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲቀምስ ግን ሳሩ ያብዳል። እዚህ ደግሞ...» ሳሩን በእጁ ዳሰሰ። «እዚህ ያበላው ኤዋይ ነው።»

«ያንተም ሳር እንዲህ ረጅም ነው?»

«ዙሪያውን አጥር ስላጠርኩለት ነዋ! በመጀመሪያው ዓመት አጋዘኖቹ በአንድ ጠዋት ላጭተው ጨረሱት። ሆላ እስካሁን ‹የአጋዘን ምግብ ቤት የከፈተው› ይለኛል።»

ወደ ሆላ ሄደች። «ጋሼ ሆላ፣ መንጋው በየበጋው በዚህ ያልፋል?»

«እንዴታ። እኔ ከፊት፣ ማይማ ከቀኝ።»

«ኮረብታው በማን በኩል ነው?»

«በማይማ። እሱ ግን አያወጣቸውም፤ በረግረጉ ያዞራቸዋል። ዘንድሮ ‹እዚያ አረንጓዴ ይታየኛል፣ እንልቀቃቸው› ስለው ‹ዓይንህ ደክሟል፣ ሽማግሌ› ብሎ ሳቀብኝ።» ሆላ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ነገሩ ገባው። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በእማማ ሴቭኔ ድንኳን ውስጥ፣ ምድጃውን ከበው ተቀመጡ። ታይሲያ መናገር አልፈለገችም፤ ግን ሥራዋ ነው።

«ሳሩን ያበቀለው ሬሳው ነው። አጥር የለውም፤ ሆኖም አንድም አጋዘን አልቀመሰውም። መንጋ እንዲህ ያለ ሳር ዝም ብሎ አያልፍም፣ ሰው ካልመለሰው በቀር። ግሌብ መንጋ አይነዳም። ጋሼ ሆላ እንልቀቃቸው ያሉት ስለማያውቁ ነው። ከተሜ ገዳይ ቢሆን አጋዘኖቹ እንዲግጡት ይተዋቸው ነበር፤ ምልክቱም በጠፋለት። የእናንተ ሰው ግን መንጋውን ሙታን ላይ አያሰማራም።» ወደ ማይማ ዞረች። «ወንድምህ ላይ ማሰማራት አልሆነልህም።»

ማይማ ቢላውን ከወገቡ ፈትቶ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠ።

«መንጋውን ለሁለት ከፍሎ ድርሻውን ይዞ ሊሄድ ነበር። ገፋሁት፤ ጋሪው ላይ ወደቀ። እንደ ወጋችን በእንጨት ሣጥን፣ ከመሬት በላይ ላሳርፈው ፈልጌ ነበር፣ እማ። ኮረብታው ላይ አንድ ዛፍ እንኳ የለም።»

እማማ ሴቭኔ ታይሲያን አዩዋት። «እንዳልነገርሽኝ ማድረግ ይቻላል?»

ታይሲያ የማይማን ቢላ አነሳች። ውጭ ትንኙ መንጋውን ማባረር ጀምሯል፤ ነገ ወደ ባሕሩ መነዳት አለበት፤ ለመንዳት የቀሩት ሆላና እማማ ሴቭኔ ብቻ ናቸው።

ማይማን ወደ ሄሊኮፕተሩ ሲወስዱት እማማ ሴቭኔ ጋሪያቸው ላይ የታሰሩትን ጫማዎች ፈቱ።

«እስር ቤቱ ይበርዳል?»

«ይበርዳል፣ እማማ» አለች ታይሲያ።

አንዱን ጥንድ ለኤዋይ ሣጥን አስቀርተው ሁለቱን ማይማ እጅ ላይ አኖሩ።

«ልካችሁ አንድ ነው» አሉት።