ድምፅ የሌላት ፒካፕ

«ጭነቱ በሙሉ እኔ ላይ ይሆናል» አለች ብረቷ፤ ካርቶኑን ከወንድሟ እጅ ነጥቃ አሮጌዋ ፒካፕ ላይ ጫነችው።

ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ነው። ከደረቁ ሜዳና ከተራሮቹ ማዶ፣ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ካምፕ ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ገብቷል። በሬዲዮ የመጣው መልእክት አጭር ነበር። ግሉኮሱ አልቋል፤ በጠና የታመሙት ዛሬ ካልደረሰላቸው ነገን አያዩም። ከታመሙት አንዱ የብረቷ ባል ነው።

«ብረቷ» ያሏት ሾፌሮች ናቸው። አንድ ነገር ካለች አለች ነው፤ ማንም ሐሳቧን አስቀይሯት አያውቅም። ታናሽ ወንድሟ መካኒክ ነው፣ አብረው ጭነት ያመላልሳሉ። አሮጌዋን የናፍጣ ፒካፕ ሸጠን በሃይብሪድ እንተካት እያለ አንዲት አዲስ ፒካፕ ለሙከራ አምጥቶ ግቢው ውስጥ አቁሟል። በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ናት፤ ሞተሯ ሲያሻው ይነሳል፣ ሲያሻው ይተኛል። ብረቷ ስሟን መጥራት ተጠይፋ «ዲቃላዋ» ነው የምትላት።

መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ ጎማ ሲፈታም ምሳ ሲበላም ክርክር ነው። እሱ ነዳጅ አትበላም፣ ከቆመችበት ስትነሳም ጉልበቷ ይበልጣል ይላል። እሷ ደግሞ በረሃ መሃል ባትሪዋ ቢሞት ማን ሊያስነሳት ነው፣ ናፍጣ እኮ በመዶሻም ይነሳል ትላለች። እስካሁን ማንም አላሸነፈም። በዚያ መንገድ መኪና ብቻዋን አትወጣም፣ የሾፌሮች ደንብ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይዘው ተነሱ። ጭነቱን እኩል እናካፍል ብሎ መካኒኩ ለመናት። እምቢ አለች።

አብሯቸው የሚሄደው ነርስ ፀጉሩ የሸበተ፣ መኪና ሲሳፈር ሆዱን የሚያገላብጠው ሰው ነበር። የቱ ላይ ይወጣሉ ሲሉት የማትጮኸውን መረጠ። ብረቷ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረችበት።

ሜዳው ላይ እንደወጡ ነፋሱ ተነሳ። መጀመሪያ አድማሱ ደፈረሰ። ቀጥሎ ቡናማ ግድግዳ እየተንከባለለ መጣ፤ መንገዱንም ሰማዩንም ዋጠ። አሸዋው መስታወቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። አሮጌዋ መሳል ጀመረች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ጉልበቷ ወደቀ። ብረቷ ሻርፗን አፏ ላይ አስራ ወረደች፤ የአየር ማጣሪያውን ፈታ ከጎማው ጋር እያጋጨች አራገፈችው። ቀና ስትል ሃይብሪዷም ቆማለች፣ ዳሽቦርዷ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። መካኒኩ ከኋላ መቀመጫ ሥር ተንበርክኮ ሲፈልግ የነርሱ ትልቅ ቦርሳ ባትሪው አየር የሚስብበትን ቀዳዳ ደፍኖት አገኘ።

«ያንተዋ ደግሞ እንደ ሙሽራ አየር ያጥራታል?» አለች ብረቷ።

«ያንቺዋስ ታንቃ አይደል እንዴ የቆመችው፣ እታለም?»

ነርሱ አሸዋውን ከምላሱ ላይ እየተፋ፣ እኛ እዚህ ስንነታረክ እዚያ ሰው እየደረቀ ነው አላቸው። ሁለቱም አፈሩ። ነፋሱ ጋብ እስኪል ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን የኋላ መብራት እየተከተለ ወጡ።

ከሜዳው ማዶ መንገዱ ወደ ቁጥቋጦው ይወርዳል። መካኒኩ ቀደመ። ቁልቁለት ስለሆነ የሃይብሪዷ ሞተር ተኝቷል፣ የሚሰማው የጎማ ኮሽታ ብቻ ነው። መታጠፊያውን ስትዞር ጎሾች መሃል ገባች። ጎሽ ከሩቅ መኪና ሲሰማ መንገድ ይለቃል። ሳይሰማ አጠገቡ ከደረሱበት ግን ይደነግጣል፣ የደነገጠ ጎሽ ደግሞ አይሸሽም። ኮርማው ራሱን ዝቅ አድርጎ መጣና የሾፌሩን በር በቀንዱ መታ። መስታወት ረገፈ። ፒካፗ በአንድ ጎኗ ተነስታ ተመልሳ ወደቀች።

ብረቷ ከላይ አየች። ምንም አላሰበችም። ጥሩምባውን ተጭና፣ ናፍጣዋን እያስጓራች ቁልቁል ወረደች፤ መንጋው መሃል ሰተት ብላ ገባች። ጎሾቹ ግራና ቀኝ ተበተኑ። ኮርማው ብቻ ዞረ። ቀንዱን አሮጌዋ አፍንጫ ውስጥ ሰክቶ፣ ነቅሎ፣ አቧራው ውስጥ ጠፋ።

ወንድሟ ክንዱ ላይ ከመቧጨር በቀር ደህና ነበር። ነርሱም ደህና ነው፣ ግን ቁርሱን መልሶታል። ብረቷ አውሬም ናፍጣ ያከብራል ብላ መፎከር ጀምራ ሳትጨርስ ከአሮጌዋ ሥር ውሃ ሲንዠቀዠቅ ታያት። ራዲያተሩ ተበስቷል።

መካኒኩ አልሳቀባትም። ሳሙና አድቦልቡሎ ቀዳዳውን ደፈነ፣ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረ፣ ውሃ ሞላ። ከዚያ መስማት የማትፈልገውን ነገራት። ይህች መኪና ከእንግዲህ ውሃ እየጠጣች፣ እያረፈች ነው የምትሄደው። መድኃኒቱ እሷ ላይ ከቀረ አይደርስም። እሷን አስታሞ የሚነዳት ደግሞ መካኒክ ነው። ስለዚህ ሃይብሪዷን የምትነዳው ብረቷ ናት።

ካርቶኖቹን አዛወሩ። የሃይብሪዷ መቀመጫ ላይ ስትወጣ ሰው ቤት እንግዳ እንደሄደ ሰው ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ላይኛው አገር ዘንቧል፤ ውሃው ጭቃ መስሎ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ብረቷ መሻገሪያውን ታውቀዋለች፣ ድንጋዩ የት እንዳለ ታውቃለች። መካኒኩን ከኋላ አስቁማ ነርሱን ይዛ ገባች።

ዕድሜዋን ሙሉ የነዳችው በጆሮዋ ነው። ማርሽ የምትቀይረው፣ ጭነት መብዛቱን የምታውቀው፣ ዘይት ማነሱን የምትጠረጥረው በሞተሩ ድምፅ ነው። ወንዙ መሃል ላይ፣ ውሃው በሩን መላስ ሲጀምር፣ ያ ድምፅ ጭጭ አለ።

ውሃ ውስጥ ሞተር ከጠፋ ደንቡ አንድ ነው፤ ቶሎ ዝጋ፣ ደግመህ አታስነሳ፣ ውሃ ከሳበ ይሰበራል። ይህን ለስንት ሾፌር አስተምራለች። እጇ ሳታዘው ሄዶ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነ። ያን ጊዜ የዳሽቦርዱ መብራት በሙሉ ጠፋ። ወንዙ የፒካፗን ጭራ ገፋ ገፋ አድርጎ ማንሸራተት ያዘ። ውሃ በበሩ ሥር ገብቶ የነርሱን ጫማ አንሳፈፈ።

ከዳር መካኒኩ እየጮኸ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ወገቡ ሲደርስ ነው ቃሉ የተሰማት።

«አልጠፋችም ነበር እኮ፣ እታለም፤ ያጠፋሻት አንቺ ነሽ። ፍሬኑን ርገጪና አስነሺ።»

«ውሃ ይስባል» ብላ መለሰችለት። «ሞተሩን ልትገድልብኝ ነው?»

«ሞተሩ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ለአንድ ቀን እንኳ እመኚኝ።»

ጭራዋ ሌላ ክንድ ያህል ተንሸራተተ። ከታች ገደል የሚያክል አዙሪት አለ። ብረቷ ዓይኗን ጨፍና ፍሬኑን ረገጠች፣ ቁልፉን ተጫነች። ምንም ድምፅ የለም። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብቻ በራች። ምንም ሳትሰማ ነዳጁን ረገጠች፤ በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ጎማዎቹ ድንጋዩን ነከሱ፣ ፒካፗ ተንቀጠቀጠች፣ ውሃ እያፈሰሰች ዳገቱን ወጣች።

ማዶ ላይ እጆቿ መሪውን ለመልቀቅ እምቢ አሏት። ነርሱ ጫማውን እየጨመቀ አያት።

«እኔም አንዳንዱን ሞቷል ብዬ አንሶላ አልብሼው፣ ኋላ ሲያስነጥስ አግኝቼዋለሁ» አላት። «አይፈረድብሽም።»

አሮጌዋ እየተነፈሰች ተሻገረች። የቀረው ሸለቆው ነው።

የሸለቆው አፍ ላይ ነዳጅ ዘራፊዎች አሉ። መንገደኛ አስቁመው ታንከሩን ይቀዳሉ፤ ደግ ከሆኑ ሰውየውን በእግሩ ይለቁታል፣ ክፉ ከሆኑ መኪናውንም ይወስዳሉ። ጠባቂ አያቆሙም፣ አያስፈልጋቸውም። ቋጥኙ ላይ ጋደም ብለው የሞተር ድምፅ ይጠብቃሉ። የእሳታቸው ጭስ ሽታ ከሩቅ መጣ።

መካኒኩ ሁለቱን መኪኖች ጉብታ ሥር አቁሞ ሐሳቡን ነገራቸው። በግራ በኩል ወደ ደረቁ ሐይቅ የሚወስድ ሰፊ መንገድ አለ። እሱ በዚያ በኩል አሮጌዋን እያስጮኸ ይሄዳል፤ ዘራፊዎቹ ይከተሉታል። እሷ በሸለቆው በባትሪ ብቻ ታልፋለች። ባትሪው ብዙ አያስኬድም፣ ግን እግሯን ካቀለለች ያሳልፋታል። እግሯ ከከበደ ሞተሩ ይነሳና ያጋልጣታል።

ብረቷ አይሆንም አለች። ራዲያተሩ በሳሙና የተያዘ ነው፣ ያዙህ ማለት ነው አለችው። ታንከሩን ይቀዱ እንጂ እኔን ምን ያደርጉኛል አላት። ዘራፊዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ ባሏም እዚያ ማዶ ነው። ወንድሟ ባሏን አልጠቀሰባትም። ባይጠቅስም ገባት።

«ፔዳሉ ሥር እንቁላል አለ ብለሽ ንጂ» አላት። ሄደ።

አሮጌዋ በግራ በኩል ስትጮህ ተሰማ። መካኒኩ ሞተሩን እያስጓራ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ ከሸለቆው ግድግዳ ጋር እያስተጋባ ሄደ። ወዲያው ከቋጥኙ ላይ ሰዎች ተሯሯጡ፣ ሞተር ብስክሌቶች ተነሱ፣ አቧራው ወደ ሐይቁ በኩል ሸሸ። ብረቷ ትንፋሿን ይዛ ሸለቆው ውስጥ ገባች።

የመኪና ድምፅ በሌለበት ሁሉም ነገር ይሰማል። ጠጠር ከጎማ ሥር ሲፈነጠር ሰማች። የግሉኮሱ ካርቶን ሲንሿሿ፣ ነርሱ ምራቁን ሲውጥ ሰማች። እግሯን አላባት። የባትሪው ምልክት እየጎደለ ነው። ከመታጠፊያው ኋላ አንድ የቀረ ሰውዬ ፊቱን ወደ ድንጋይ አዙሮ ይሸናል። በጀርባው በኩል በክንድ ርቀት አለፈችው። አልዞረም።

መውጫው ዳገት ነበር። አንድ መስመር ባትሪ ቀርቷል፤ እሱም ብልጭ ብልጭ ይላል። እግሯን ማቅለል ብትሞክር ፒካፗ ወደኋላ ተንሸራተተች። ረገጠችው። ሞተሩ ሸለቆውን ሁሉ እየቀሰቀሰ ተነሳ። ከኋላ የዚያ የቀረው ሰውዬ ጩኸት፣ ከዚያ ተኩስ። የጭነቱ ክዳን ላይ አንድ ነገር ጠዋ አለ። ብረቷ እንቁላሉን ረስታ ፔዳሉን ከወለሉ ጋር አጣበቀችው፤ ያቺ ዲቃላ ያላትን ጉልበት ሁለቱንም በአንድ ላይ አውጥታ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው።

ካምፑ የደረሱት ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ነርሱ ሳይጠየቅ ካርቶን አንስቶ ሮጠ። ከድንኳኑ ውጪ በሸራ የተሸፈኑ ሁለት ሬሳዎች አሉ። ብረቷ ጫማቸውን እያየች፣ የባሏ እንዳልሆነ እያጣራች አለፈች።

ባሏ ጥግ ላይ ተኝቷል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ቆዳው እንደ ወረቀት ተጨማድዷል። ነርሱ መርፌውን ሰክቶ ግሉኮሱ መንጠብጠብ ሲጀምር እጁን ይዛ ተቀመጠች። ድንኳኑ ከጨለመ በኋላ ነው ያወቃት።

«ቀኑን ሙሉ ናፍጣሽን ስጠብቅ ነበር» አላት። «አልሰማሁም። ቀረች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።»

ግንባሩን ዳበሰችው።

ወንድሟ አልመጣም። ጎህ ሲቀድ ባሏ ውሃ ጠጥቶ ሳያስመልስ ሲቀር አየችና ተነሳች። ነርሱ ብቻዋን እንዳትሄድ ለመናት። ደንቡን እኔ ነኝ የማስተምረው፣ ዛሬ ግን ይቅር ብላው ወጣች። ሸለቆውን ትታ በሐይቁ ዙሪያ ነዳች።

ከሐይቁ ጫፍ ላይ አንድ ሰው እግሩን እየጎተተ ሲሄድ አየች። ጀርባው ነው፣ የወንድሟ ጀርባ። ሞተሩ ተኝቷል፣ ስለዚህ አልሰማትም። ጥሩምባ ብትነፋ ይደነግጣል ብላ ፈራች። ቀስ ብላ አጠገቡ ደረሰችና በተሰበረው መስታወት በኩል ጠራችው። እሱ እንደዚያም ሆኖ ዘሎ ደነገጠ። ቅንድቡ ተተርትሯል፣ ከንፈሩ አብጧል።

«አሮጊቷን ወሰዷት» አለ። ለራሱ ሳይሆን ለመኪናዋ ያለቀሰ ይመስል ነበር።

«ግባ።»

«ባልሽስ?»

«ይተነፍሳል። ሁለት ሰዎች ግን ሳንደርስላቸው አለፉ። አንተ እንዳልከው ጭነቱን መጀመሪያ ብናካፍል፣ ያንን ሁሉ ካርቶን ስናዛውር አንውልም ነበር።» አንገቷን አዞረች። «እንግዲህ ደስ ይበልህ። ክርክሩን ሌቦቹ ፈረዱልህ፤ የቀረችን ያንተዋ ብቻ ናት።»

መካኒኩ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባ።

«አልፈረዱም» አለ። «ያቺ ባትጮህ አንቺ አታልፊም ነበር። እኔን ደግሞ ሰዎቹ ስንት ሰዓት እንደተከተሉኝ ብታዪ። የራዲያተሩ ሳሙና እንኳ አልተነቀለም።»

መንዳት ጀመረች። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ወጣች፤ ነጭ ጨው ዓይን ይወጋ ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ እያቃሰተ፣ ታዲያ በስተመጨረሻ ምን ትያለሽ፣ ናፍጣን ትተካለች ወይስ አትተካም ብሎ ጠየቃት።

ብረቷ መንገዱን እያየች አሰበች።

«እኔ እንጃ» አለች።

ወንድሟ ዞሮ አያት። ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ራሱን መቀመጫው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሷም እንዳይነቃ እግሯን አቅልላ ነዳች።