የወይዘሮ ዌንትዘል ልጅ

በፈረንጆች አቆጣጠር ታኅሣሥ ፮ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.፣ ሐሙስ ማለዳ፣ በካናዳ ምሥራቅ ዳርቻ በሃሊፋክስ ወደብ ሁለት መርከቦች ተጋጩ፤ አንደኛይቱም በእሳት ተያያዘች። የጫነችው ለአውሮፓው ጦርነት የሚላክ ፈንጂ ነበር፤ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ እንዳያውቅባት ተብሎ ፈንጂ መጫኗን የሚያስታውቀውን ቀይ ባንዲራ አልሰቀለችም፤ ከጠላት የተደበቀው ነገር ከከተማው ሕዝብም ተደብቆ ቀረ። የወደብ ሰው ደግሞ መርከብ ሲቃጠል ሳያይ አይቀመጥም፤ የሪችመንድ ሰፈር ሁሉ በየመስኮቱ ቆመ። ወይዘሮ ኦቲሊ ዌንትዘልም ልጇ ሉዊዛ እሳቱን በቅርብ ለማየት ወደ ባሕሩ ስትሮጥ በመስኮት አየቻት። ከዚያ ወዲያ ምንም አላየችም፤ መርከቢቱ ስትፈነዳ ሰፈሩ ከሥሩ ተነቀለ፤ የመስኮቱም መስታወት ሁለቱንም ዓይኖቿን አጠፋቸው።

ባሏ አሞስ የወደብ ጭነት ሠራተኛ ነበር፤ በማግስቱ የበረዶ ውሽንፍር ሲወርድበት እንኳ ፍርስራሹን መቆፈር አልተወም፤ የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ሄፈርናንን ልጅ በሕይወት አወጣ፤ የራሱን ግን አላገኘም።

አገር ምድሩ በሐዘንና በቁጣ ነደደ፤ የገዛ ቸልተኝነትን ከመናዘዝ ጀርመናዊ መፈለግ ይቀላልና፣ የጀርመን ስም ያለው ሁሉ እንዲያዝ ታዘዘ። የአሞስ ቅድመ አያቶች ከጀርመን አገር ከመጡ መቶ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ የበኩር ልጁ ካሌብም በፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ለእንግሊዝ ንጉሥ ይዋጋ ነበር። ማን ሰምቶት! አስከሬን ወደተደረደረበት ምድር ቤት ልጁን ሊፈልግ ሲሄድ ከመንገድ ይዘው ወኅኒ አወረዱት።

ኦቲሊም ዓይኗን በፋሻ እንደታሰረች፣ ከሌላ ከተማ የመጣች ነርስ መርታት ከምድር ቤቱ በር ደረሰች። ስሟን ስትናገር ሟቹን ሊለይ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ አንዱም፣ «ጀርመን ደግሞ ዕውር ሰላይ መላክ ጀመረ?» አለ።

በር ጠባቂው አሥር አለቃ፣ «በዓይንዎ ሳያዩ እንዴት ይለያሉ? ባልዎ ይምጣ» አላት።

«ባሌን እናንተው አሰራችሁት።»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

«ጸጉሯን የጎነጎንኩት እኔ ነኝ፤ ብዳስሳት አውቃታለሁ። አስገባኝ ልጄ።»

«ቀጣይ!» አለ።

ያን ጊዜ ከኋላዋ ሳል ሰማች፤ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ በግድግዳው በኩል የምትሰማው የወይዘሮ ሄፈርናን ሳል ነበር።

«እትዬ ሄፈርናን፣ ሉዊዛዬን ታውቂያታለሽ። አብረሽኝ ግቢና እይልኝ።»

ወይዘሮ ሄፈርናን ሰልፈኛውን አየች፤ አቀረቀረች። ልጇን ከሞት ላወጣላት ሰው አንዲት ቃል ከበዳት።

ስማቸው ያልታወቀ ሙታን በአንድ ቀን በየመቃብራቸው ተቀበሩ፤ ሉዊዛም ከእነርሱ ጋር። አሞስ በማግስቱ ተፈታ፤ ጥፋት አልተገኘበትም ተባለ፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም።

ታሪክ ሁለቱን መርከቦች በየስማቸው ያውቃቸዋል፤ ማን ቀድሞ መንገድ እንደሳተም ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በሉዊዛ መቃብር ላይ ግን «ያልታወቀች» ተብሎ ተጻፈ። ውሸት ነው፤ የሚያውቋት ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ነበር።